ኦርጅናል ናት ወይ?

ክቡር ሥራ አስኪያጃችን፣ ክቡራትና ክቡራን የጨርቅ መደብራችን ባልደረቦች፤ ለጡረታ ስንብቴ ብላችሁ ጣቃውን ሁሉ ወደ ግድግዳ ገፍታችሁ፣ ባንኮኒው ላይ ኬክ ስላስቀመጣችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ወንበሮቹን ከየት እንዳመጣችኋቸው ግን አልገባኝም። ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ስቆም አንድም አልነበረም።

የቀን ውሎ ማስታወሻ እንደምይዝ ታውቃላችሁ። ለዛሬ ስገላልጠው፣ ደንበኛ ስለ ጨርቅ የሚጠይቀኝና ስለ ልጄ የሚጠይቀኝ አንድ ሆኖ አገኘሁት። «ከየት የመጣ ነው?» «ሌላ አልነበረም?»

ለማታውቋት አዲሶች ልንገራችሁ። ልጄን እኔና ባለቤቴ በጉዲፈቻ የወሰድናት በሦስት ዓመቷ ነው። ዘሯ ሌላ፣ መልኳ ሌላ። አብረን ስንቆም ሰው መጀመሪያ እሷን ያያል፣ ቀጥሎ እኔን፣ ከዚያ በሩን፤ እናቷ ገና የምትገባ ይመስል።

እዚህ ቤት ትልቁ ጥያቄ «ኦርጅናል ነው ወይ?» አይደል? አንዲት ደንበኛ ሐር እየዳበሰች፣ «ልጅቷስ ኦርጅናል ልጅሽ ናት ወይ?» አለችኝ።

«ኦርጅናል ናት። በየቀኑ አጥባታለሁ፣ ቀለሟ ለቆ አያውቅም» አልኳት።

ሐሩን ገዝታ ሄደች። በሳምንቱ ቀለሙ ለቀቀ ብላ መለሰችው።

አትሳቁ፣ ወደ እናንተ መምጣቴ ነው። ሜትሬ፣ አንተ ጨርቅ ቆራጩ፣ «እትዬ፣ ትልቅ ጽድቅ ሠራሽ» ያልከኝ ቀን ትዝ ይልሃል? ጽድቁ በዚያን ጠዋት ገንፎውን በባለቤቴ ጭን ላይ ደፍቶት ነበር። ፀጉሯን ማበጠር አቅቶኝ በአንድ ሳምንት ሦስት ማበጠሪያ ስሰብር ደግሞ ጽድቅ ነው ያለኝ የለም። ፀጉር ሠሪዋም፣ የተሰበረውን ይዤ ፊቷ ቆሜ፣ «ለመሆኑ እናቷ የት ናት?» አለችኝ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ እርስዎም «እኛ አንድ ቤተሰብ ነን» የሚለውን ፖስተር ሲያሠሩ ልጄን ፎቶ አስነሱ። እኔ ጎኗ ስቆም ምን አሉኝ? «እትዬ፣ እስቲ አንቺ ትንሽ ፈቀቅ በይ። ቤተሰብ አይመስልም።»

በሰው መሳቅ ቀላል ነው። አሁን ወደ ራሴ ልምጣ።

ልጄ ሰባት ዓመቷ ነበር። ከትምህርት ቤት መጥታ ባንኮኒው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ትደረድራለች። አንድ የሆቴል ባለቤት መጋረጃ ሊገዙ መጡና፣ «የሠራተኛሽ ልጅ ናት?» አሉኝ። ማብራሪያው እንዳይረዝም፣ ገበያው እንዳይበርድ ብዬ፣ «አዎ» አልኳቸው።

የዚያን ቀን ማስታወሻዬ እንዲህ ይላል፦ «መጋረጃ፣ ስልሳ ሜትር። ጥሩ ቀን።» ሌላ ምንም የለውም።

ከዚያ ወዲያ ልጄ ቤት ውስጥ «እማዬ» ትለኛለች። የዚህን መደብር ደፍ ስትረግጥ ግን «እትዬ» ሆንኩ። እናንተም፣ «እንዴት ጨዋ ናት፣ ቤትና ሥራ ትለያለች!» እያላችሁ አደነቃችኋት። እኔ ምክንያቱን አውቃለሁ፤ ግን ዝም አልኩ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ።

ቅድም ስትገባ ጥበቃችን፣ «የማን እንግዳ ነሽ?» ሲላት ሰማሁ። «የእትዬ» አለችው። ሰውየው አዲስ ነው፣ አልፈርድበትም። የሚፈረድበት ሰው ካስፈለገ እኔ አለሁ።

ክቡራትና ክቡራን፣ ያቻትላችሁ፣ በሩ አጠገብ የቆመችው። የሠራተኛዬ ልጅ አይደለችም፤ ሠራተኛም ኖሮኝ አያውቅም። ልጄ ናት። ይህን ያኔ ለሆቴሉ ባለቤት መናገር ነበረብኝ። ዘግይቼ ለእናንተ ተናገርኩ። ልጄ፣ ይቅር በይኝ። ስልሳ ሜትር መጋረጃ ያን ቃል አልሸፈነልኝም።

ለእናንተ ደግሞ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። መቀሳችሁ አይደንዝ፣ ወገባችሁ አይዛል። ልጆቻችሁ በየትም ቦታ በሙሉ ድምፅ የሚጠሯችሁ ያድርጋችሁ። «ኦርጅናል ነው ወይ?» የምትሉት ለጨርቅ ብቻ ይሁን። ወንበሮቹንም ነገ እንዳትመልሷቸው። አንድ ነገር ልጨምርና...

ሰማችኋት? «እማዬ፣ በቃሽ፣ ኬኩ ደረቀ!» አለችኝ። እዚሁ፣ መደብሩ ውስጥ።

እንግዲህ በቃኝ።