አንድ ጆሮ ያላት ቲቸር

የግራ ጆሮዬ እንደማይሰማ ከእናቴ በቀር ማንም አያውቅም ነበር። «ምን አልከኝ?» እያልኩ ሰው ማድከም ያሳፍረኛል፤ ስለዚህ ታክሲ ውስጥ እንኳ ግራዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ ነው የምቀመጠው። የምሠራው አዲሱ ገበያ አጠገብ፣ የተቸገሩና ልዩ ፍላጎት ያላቸው ልጆችን በሥዕልና በሙዚቃ በምናግዝበት ማዕከል ነው።

አንድ ቀን ልጆቹን «እስቲ እኔን ሣሉኝ» አልኳቸው። በማዳመጫ መሣሪያ የምትሰማው ሃያት ሥዕሏን ከፍ አድርጋ ስታሳይ ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። አንድ ጆሮ ብቻ ነው የሣለችልኝ።

«አንዱን ጆሮዋን ረሳሽው!» አላት ጓደኛዋ።

«አልረሳሁም። ያኛው አይሰማም።»

ባልደረባዬም እየሳቀች፣ «ሃያትዬ፣ በይ ጨምሪላት» ብላ እርሳስ አቀበለቻት። ልጅቷ እርሳሱን ይዛ እኔን እኔን ታያለች። ብትጨምረው እኔ እተርፋለሁ፤ እሷ ግን ውሸታም ተብላ ልትቀር ነው። ፊቴ ጋለ።

«ልክ ናት፤ አይሰማም» አልኩ። ከዚያ ግን ከሐፍረቴ ይልቅ ጉጉቴ በለጠና፣ «እንዴት አወቅሽ?» አልኳት።

«በዚያ በኩል ስጠራሽ አትዞሪም። እኔም ባትሪዬ ሲያልቅ እንደዚያ ነኝ።»

ሳቁ ቆመ። ሃያት ወንበሯን እየጎተተች መጥታ በግራዬ ተቀመጠች። ከዚያ ወደ ቀኝ ጆሮዬ ተንጠራርታ፣ «በግራሽ በኩል እኔ እሰማልሻለሁ» አለችኝ።