መርከቡና የቆቃ ውሃ

ከአዳማ ወደ ሻሸመኔ በአውቶቡስ ስንሄድ ልጄ ጭኔ ላይ ተኝታለች፤ ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት መጽሐፍ ታነባለች። አጠገቧ ያሉት ሽማግሌ ዝም ማለት አላስቻላቸውም።

«ስለ ምንድን ነው ልጄ?»

«በጠፈር ስለሚሄድ መርከብ ነው፣ አባባ። ልብ ወለድ ነው። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ሰዎቹ እዚያው ይወልዳሉ፣ እዚያው ይሞታሉ። የሚደርሱት የልጅ ልጆቻቸው ናቸው።»

«ጉድ እኮ ነው! እዚያ የሚወለዱትን ማን ጠየቃቸው?»

«ጠባቸውም እሱ ነው። ትልልቆቹ ስለ ምድር ያወራሉ፤ ወጣቶቹ ደግሞ ‹ያላየነው አገር ምን ያደርግልናል?› ይላሉ።»

«የኔም ልጆች እንደዚያው ናቸው። ግድቡ ሲሠራ የአባቴ ሰፈር ቆቃ ውሃ ውስጥ ቀረ። እኔ የተወለድኩት ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ባለፍን ቁጥር አባቴ በጣቱ እያሳየ የጎረቤቱን ቤት ሁሉ ይጠራልኝ ነበር። ሰፈሩን ሳላየው ይናፍቀኛል።»

«አባትዎ የጠሩልዎትን አሁንም ያስታውሱታል?»

«እየጠፋብኝ ነው። እኔ ከሄድኩ የሚያውቀው የለም።»

ልጅቷ እስክሪብቶ አወጣች። «መጨረሻው ላይ ባዶ ገጽ አለ። ይንገሩኝ፣ ልጻፈው።»

«ይኸው ውሃው መጣ! ያ የቶሎሳ በረት፣ ቀጥሎ የጫልቱ ደጅ፣ ከዚያ ሾላው... ቆይ፣ ከሾላው ወዲያ ማን ነበር?»

«ሾፌር፣ ቀስ በል እንጂ!» አለች ከኋላ አንዲት ሴት። «ሰፈራቸውን ሳይጨርሱ ልታሳልፋቸው ነው!»

ሾፌሩ እየሳቀ ፍጥነቱን ቀነሰ።

«ደበላ! የደበላ ቤት ነው! ጻፊው ልጄ!»

ጭኔ ላይ ለተኛችው ልጄ ፈርቼ ያልነገርኳትን፣ ጥለነው የሸሸነውን ቀዬ ስም፣ እኔም በሆዴ ደጋግሜ ጠራሁት።