አራት ስፒከር በአንድ ሳሎን

(ሁለቱም የትዳር ጓደኛ ሞቶባቸው በስተርጅና የተጋቡት እልፍነሽና ገዛኸኝ በእሷ ሳሎን ቆመዋል፤ ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ዳንቴል የለበሱት የሟች ባሏ የሻለቃ ደጀኔ ስፒከሮች አሉ፣ ከእነሱ ፊት ለፊት ደግሞ እሱ ይዟቸው የመጣው ሁለቱ።)

ገዛኸኝ፦ ስፒከሬ ረጥቧል። ማነው ውሃ የደፋበት?

እልፍነሽ፦ ውሃ አይደለም፣ ጸበል ነው።

ገዛኸኝ፦ ስፒከር ምን ኃጢአት ሠርቶ?

እልፍነሽ፦ እሱን አንተ ታውቃለህ። ይልቅ ሁለቱንም አንሣና እህትህ ቤት መልሳቸው።

ገዛኸኝ፦ እነሱ ከሄዱ እኔም አብሬያቸው ሄድኩ።

እልፍነሽ፦ ታክሲ ልጥራልህ?

ገዛኸኝ፦ ቆይ እስቲ። ድምፁ እኩል እንዲደርሰን ብዬ ሶፋውን ወደ መሀል ሳብኩ፤ «እንግዳ የት ሊቀመጥ ነው?» አልሽ፣ መለስኩት። ስፒከሮቼን ዳንቴል አለበስሽብኝ፤ ዘፋኙ ሁሉ ጉንፋን የያዘው መሰለ፣ ቻልኩት። አንድ ክፍል ሁለት ጥንድ ስፒከር አይችልም፣ የሻለቃን ስፒከሮች ጓዳ እናስገባቸው ስልሽ አኮረፍሽ፤ ተውኩት። አሁን ደግሞ ጸበል። ምን አድርጌሽ ነው?

እልፍነሽ፦ አንተ ምንም። ሻለቃ ደጀኔ ነው የተቀየመን።

ገዛኸኝ፦ ማን ነገረሽ?

እልፍነሽ፦ ፎቶው። የራሱ ስፒከር ላይ ወደ እኛ አዙሬ አስቀምጠዋለሁ። አንተ ሙዚቃህን ስትከፍት ቀስ እያለ ይዞራል። ዘፈኑ ሲያልቅ ጀርባውን ሰጥቶን ግድግዳ ያያል።

ገዛኸኝ፦ ጋቢሽን ይዘሽ ሌላ ክፍል የምታድሪው ለዚህ ነው?

እልፍነሽ፦ እሱ ፊቱን እያዞረብኝ አንተ አጠገብ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል? በዚህ ዕድሜዋ አገባች ብሎ ሰፈሩ ሲያማኝ አልፈራሁም። እሱን ግን ፈራሁት፣ ገዛኸኝ።

ገዛኸኝ፦ እልፌ፣ የሚያዞረው ቤዙ፣ ወፍራሙ ድምፅ ነው። አጠገቡ ሙዚቃ ሲጮህ ዝም ያለው ስፒከርም ሆዱ አብሮ ይርገበገባል። ከክፍሉ ይውጣ ያልኩሽ ለዚህ ነበር፣ ድምፁን ያበላሽብኛል።

እልፍነሽ፦ አታታልለኝ። ሽቦው እንኳን አልተሰካም። እኔን ያስፈራኝ ይሄው አይደል?

ገዛኸኝ፦ ባይሰካም። ፎቶውን አንሺና ሪሞቱን አስቀምጪበት። አስቀመጥሽ? ይኸው ከፈትኩት። ዓይንሽን እንዳትነቅይ።

እልፍነሽ፦ ዞረ።

ገዛኸኝ፦ ሪሞቱም ቀንቶ ነው?

እልፍነሽ፦ ዝም በል እስቲ።

ገዛኸኝ፦ ዳንቴሉን ግለጪና እጅሽን ከፊት በኩል አድርጊበት። አይዞሽ፣ አይነክስም።

እልፍነሽ፦ ይንቀጠቀጣል። ሙዚቃውን ተከትሎ እኮ ነው።

ገዛኸኝ፦ የተቆጣ ሰው ደግሞ ምት ጠብቆ አይንቀጠቀጥም።

እልፍነሽ፦ ታዲያ ምን እያደረገ ነው?

ገዛኸኝ፦ እየጨፈረ ነዋ። ገባሽ አሁን? በይ፣ ጓዳ ላስገባው?

እልፍነሽ፦ እሱም የትም አይሄድም፣ አንተም የትም አትሄድም። ያ ሰውዬ በሕይወት ሳለ በሠርጋችን ቀን እንኳን አልጨፈረልኝም። በል ድምፁን ጨምረው።