ድምፅ ያጣው ኮምፒውተር

ክቡራትና ክቡራን፤ ይኸው እንደ ወጉ ጠራኋችሁ። እስከ ዛሬ "ኧረ እናንተ ሰዎች!" ነበር የምላችሁ።

ሥራ አቋርጣችሁ፣ የደንበኞችን አግዳሚ ወንበር ሳይቀር ወደ ውስጥ አስገብታችሁ ስለተሰበሰባችሁልኝ አመሰግናለሁ። ሥራ አስኪያጃችንን በተለይ። ይህ ጥገና ቤት በሥራ ሰዓት በሩን ዘግቶ አይቼ አላውቅም። የሚያንኳኳ ሰው ከመጣ ልቤ ስለማይችል፣ አንዳችሁ ውጡና "ነገ" በሉልኝ።

እንዳጋጣሚ እናንተ ከባንኮኒው ኋላ ናችሁ፣ እኔ ደግሞ ፊት ለፊት፣ ደንበኛ በሚቆምበት። መብራቱ ከዚህ ዓይን ይወጋል። ሰው እዚህ ቆሞ ዕቃውን ሲያስረክብ ፊቱ ለምን ጥፋተኛ እንደሚመስል አሁን ገባኝ።

ሥራዬን ታውቁታላችሁ። መቀበል። ዴስክቶፑን ታቅፎ የመጣውን ሰው፣ አንድ ብሎን ሳይፈታ በፊት መጠየቅ። ምን አደረገ? መቼ ጀመረው? ሲያደርገው ማን አጠገቡ ነበር? ነፋሱ፣ እዚያ ጥግ አንገቱን የደፋው ጠጋኛችን፣ ሁሌ ይቆጣኝ ነበር። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ አቧራ መንፊያዋን ከእጁ አይለያትም።

"እትዬ፣ መርማሪ ፖሊስ ነሽ እንዴ? ስጪኝና ልክፈተው!"

"መጀመሪያ ይናገር።"

"ማሽኑ?"

"ሰውየው!"

ስንቴ ሳቅንበት። አሁን አያስቀኝም።

ጡረታዬ አልደረሰም። ፀጉሬን አትዩ። የምሄደው ስለ ባለቤቴ ነው፤ ይህንን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ግን በየጆሯችሁ ቆራርጬ ስለነገርኳችሁ አንድ ጊዜ አብረን እንስማው።

ባለቤቴ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። መኪናውን ካስረከበ በኋላ መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ የጎረቤት ስም። ከዚያ ምሳውን፤ በልቶ "አልበላሁም" ይላል። ያልረሳው ነገር ቢኖር ኮምፒውተሩ ላይ ካርታ መጫወት ነበር።

ያንን ኮምፒውተር ብታዩት! ጠዋት ቁልፉን ይጫናል። መዳፉን ሳጥኑ ላይ ያሳርፋል። ማራገቢያው ያጓራል፣ አሮጌው ዲስክ ጥርሱን ያፋጫል፣ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል። እሱ አይቸኩልም። "ሞተር ሳይሞቅ አይነዳም" ይለኛል፣ እኔ ጫማዬን ሳስር። ቆይቶ "ሞቀ" ይልና ይቀመጣል። እኔም ደህና ዋል ብዬ እወጣለሁ። ማታ ስመለስ እዚያው ወንበር ላይ አገኘዋለሁ።

ሰውየውን ቤት የሚያቆየው ያ ካርታ ነበር። በሩ ከውስጥ ይከፈታል። ካርታው ባይኖር ይወጣል። ይህንን እያወቅሁ የማላውቅ መስዬ ነው የኖርኩት።

ነፋሱ አንድ ቀን ቤት መጥቶ ሰማው። "እትዬ፣ ይሄ ኮምፒውተር ነው ወፍጮ?" አለኝ። አፈርኩ። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንደሚባለው ነው። በማግስቱ ሁላችሁም ተነሳችሁ። አዲስ ዲስክ፣ ተጨማሪ ራም፣ አዲስ ፓወር ሰፕላይ። ፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን ቅባት ጠርጋችሁ አዲስ ቀባችሁ። ማራገቢያውን ድምፅ በሌለው ቀየራችሁት። "ካርታው ከነበረበት ቦታ እንዳይነቃነቅ፣ ይጠፋዋል" አልኳችሁ፤ ሳይነቃነቅ አስቀመጣችሁልኝ። ስንከፍተው ዓይናችንን ሳናርገበግብ ተነሳ። አጨበጨባችሁ። እኔ አለቀስኩ፤ ታስታውሳላችሁ።

ብዙም አልቆየም። ማታ ስመለስ ጠፍቶ አገኘሁት።

"ምን ሆነ?"

"አይሠራም።"

ተሸክሜ አመጣሁት። እዚህ ሲደርስ ሐኪም ፊት እንደሚስቅ የታመመ ልጅ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ዋለ። መለስኩት፤ ጠፋ። አመጣሁት፤ ሠራ። ራሙን ነቅለን መልሰን ሰካን። ፓወር ሰፕላዩን ለወጥን። ሙቀቱን ለካን። ነፋሱ "የቤትሽ መብራት ነው" አለ፤ ስታቢላይዘር ገዛሁ። ሶኬቱን አስቀየርኩ። በመጨረሻ ማዘርቦርዱን ራሱ ልትቀይሩልኝ ተነሳችሁ።

ከመካከላችን ባንኮኒው ፊት አቁሞ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ለምን ይጠይቀኝ? የቤት ሰው ነኝ። ጠያቂዋ እኔው ነኝ። ማሽኑን በጓሮ በር ነው ያስገባሁት።

ያን ሰሞን ከመናኸሪያው ተደወለልኝ። ቁጥሬን ከኪሱ አግኝተው ነው። "እናቴ፣ አንድ አባት አውቶቡስ ላይ ወጥተው የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ውረዱ ስንላቸው 'ተራዬ ነው' ይላሉ።" እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ሹፌሩ ወጣት ነው፤ ከጎኑ ቆሞ እየጠበቀው ነበር። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት፣ "ችግር የለም እናቴ፣ ቸኩለው የሚነዱ ሰው አይደሉም። ይጨርሱ ብዬ ነው" አለኝ።

ልጅየው ይባረክ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እዚህ ተቀምጬ አልዋልኩም። ወንበሬ ላይ ነበርኩ፣ እጄም ይጽፍ ነበር። ጆሮዬ ግን ስልኩ ላይ ነበር።

ብልሽቱን ያገኘችው የዕቃ ክፍል ኃላፊያችን ናት። አትሸሸጊ፣ ነይ ወደዚህ። ቅዳሜ ቀን ስክሪኑን ይዛልኝ ቤት ገባች። ኬብሉን ሰክተን እንዳበቃን ወደ እሱ ዞር አለችና፣

"ጋሼ፣ ምን እየሆነ ነው ያስቸገረዎት?"

የእኔን ጥያቄ። እኔ በየቀኑ ለማላውቀው ሰው ሁሉ የምጠይቀውን።

"አይነሳማ።"

"እስቲ ያሳዩኝ።"

ቁልፉን ተጫነ። መብራቱ በራ። ስክሪኑም መጣ፤ እሱ ግን ስክሪኑን አላየም። መዳፉን ሳጥኑ ላይ አሳረፈ። ጠበቀ። ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አስጠጋ። ከዚያ ቁልፉን ተጭኖ ያዘው፤ እንቢ ያለ ሞተር ማስነሻው እንደሚያዝ። ጠፋ።

"አየሽ ልጄ? አይይዝም።"

እሷ እኔን አየችኝ። እኔ ስታቢላይዘሩን አየሁ።

ያን መዳፍ በየጠዋቱ ነበር የማየው። ጫማዬን እያሰርኩ።

አሮጌውን ማራገቢያ ከወዳደቀው ዕቃ ውስጥ ፈልጋችሁ መለሳችሁልኝ። እሱም አቧራው ተጠርጎ ጸጥ ብሎ ነበር፤ ነፋሱ ክንፉን ትንሽ አጣመመው፣ እንዲያጓራ። "አውቄ ያበላሸሁት የመጀመሪያው ዕቃ ነው" አለ፣ ፊቱን አዙሮ። ከዚህ ቤት እንደዚያ የሚያስጠላ ድምፅ ያለው ኮምፒውተር ወጥቶ አያውቅም። ባለቤቴ መዳፉን አሳርፎ "ሞቀ" ሲል ግን፣ ክቡራትና ክቡራን፣ እንደዚያ ያለ ሙዚቃ ሰምቼ አላውቅም።

ክረምቱን ሙሉ ያዘልን።

ከዚያ አንድ ጠዋት ማሽኑ እያጓራ፣ ካርታው ተዘርግቶ፣ ከፊት ለፊቱ ቁጭ እንዳለ ወደ እኔ ዞረ።

"ይሄ ጫጫታ የማን ነው?"

"ያንተ ነው።"

"ዝም አሰኚው። ሰው ይተኛል።"

አጠፋሁት። ጫማዬን ፈታሁ። ያን ቀን ሥራ አልመጣሁም፤ ሥራ አስኪያጃችን ለምን ብሎ አልጠየቀኝም።

እዚህ የማይሆነውን ዕቃ "አይጠገንም" ብለን ለባለቤቱ እንመልሳለን። እኔ ለማን ልመልስ? ባለቤቱ እኔ ነኝ።

እፈራለሁ። ደብቄ አልሄድም። ትዕግሥት አላት ትሉኛላችሁ፤ የእኔ ትዕግሥት የባንኮኒ ትዕግሥት ነው፣ ሲመሽ የሚዘጋ። የቤቱ ግን አይዘጋም። ጎረቤታችን ዛሬ አብራው ተቀምጣልኛለች፤ እስካሁን ስንቴ ሰዓቴን እንዳየሁ ያያችሁኝ ትኖራላችሁ።

ብቻ ሥራ ፈታች እንዳትሉኝ። ተቀጥሬያለሁ። ባለቤቴ ሰሞኑን መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ። ስሜን አያውቀውም። "ረዳት!" ይለኛል።

"አቤት።"

"ሞላ?"

ወደ ኋላ ዞሬ አያለሁ። ሶፋው አለ። ያልታጠፈ ልብስ አለ። ልጆቻችን ይቀመጡባቸው የነበሩ ወንበሮች አሉ።

"ገና ነው" እለዋለሁ። "ትንሽ እንጠብቅ።"

"እሺ" ይላል። ደህና ሹፌር ነው፤ ረዳቱን ይሰማል። "ሞላ" የምለው ቀን እንዳይመጣ ነው ከእናንተ የምለየው። በየቀኑ እዚያ ተገኝቼ "ገና ነው" ልለው።

እንግዲህ ልሂድ። ነፋሱ፣ ደረትህን አቧራ አያግኘው። የዕቃ ክፍሏ፣ ያቺ አፍሽ መጠየቅ አትተው። ሥራ አስኪያጃችን፣ ሳትጠይቀኝ ለተውከው ሁሉ ፈጣሪ ይክፈልህ። ሁላችሁም እድሜ ከጤና ይስጣችሁ። ማታ ቤታችሁ ስትደርሱ ከውስጥ "ማን ነው?" የሚል ድምፅ አይጥፋባችሁ፤ "እኔ ነኝ" ስትሉም፣ የሚያውቃችሁ ይክፈትላችሁ።