ለጤና ጥሩ ነው ያልኩት ቅጠል

እኔ ተክል አይበረክትልኝም። መርሳ ከተማ ቤት ስከራይ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ «ይሄ ብትረሳውም አይሞትም» ብሎ ሰፋፊ ቅጠሉ በነጭ የተዥጎረጎረ ተክል ሰጠኝ። እውነትም በሳምንት አንዴ ውሃ እያጠጣሁት መስኮቱን ሞላው። አንድ ቀን ጎረቤቴ እማማ ዘይነባ ሊጠይቁኝ መጥተው አዩት። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ደሞ ምን ይሠራል?» አሉኝ። «ለጤና ጥሩ ነው» አልኳቸው በኩራት፤ አየር ያጸዳል ማለቴ ነበር። «ማሻአላህ!» አሉ። የሚጠጣ ውሃ ላመጣላቸው ጓዳ ገብቼ ስመለስ አፋቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው እንባቸው ይወርዳል። የታኘከ ቅጠል መሬት ላይ ወድቋል። «ምን ሆኑ?» ብላቸው መናገር አልቻሉም፤ ምላሳቸው አብጧል።

አፋቸውን አጉመጥምጬ በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረስኳቸው። ነርሷ ይዤው የሄድኩትን ቅጠል ስታይ፣ «ይሄማ ጉሮሮ ይዘጋል! ማን ሰጣቸው?» ብላ ጮኸችብኝ። «እኔ ነኝ» አልኳት። መድኃኒት ተሰጥቷቸው ከሰዓት በኋላ እብጠቱ ሲቀንስ፣ በተሳሰረ አንደበት፣ «ጥርሴን ሲያመኝ ከርሞ፣ ለጤና ነው ስትለኝ ጊዜ አኘክሁት» አሉኝ። ጉልበታቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ለመንኩ። «ተው ልጄ፣ አላህ አትርፎኛል» ብለው የሻሻቸውን ጫፍ ፈቱ። ከውስጡ ሌላ በነጭ የተዥጎረጎረ ቅጠል አወጡ።

«ይቺን ደሞ ለልጅ ልጄ ሳል ብዬ ይዤላት ነበር» አሉ።

ልጅቱ ገና ዳዴ ነው የምትለው።