አዲሱ መፈለጊያ ምን አለ?

ከሉማሜ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚሄድ ሚኒባስ ከኋላዬ አንድ አዛውንት የቅኔና የመጻሕፍት መምህር ከአንዲት የኮሌጅ ተማሪ ጋር ተቀምጠዋል። አይተዋወቁም።

«ልጄ፣ ስልክሽን አንድ ነገር ጠይቂልኝ። አንገት ላይ የወጣ እብጠት፤ አያምም፣ ግን ሦስት ወር ሆነው።»

«የእርስዎ ነው፣ የኔታ?»

«አንቺ ብቻ ጠይቂው።»

«አዲስ የኢንተርኔት መፈለጊያ ጭኛለሁ፣ በሱ ልሞክር። ማን ምን እንደጠየቀው አይመዘግብም ይላሉ።»

«እንደ ንስሐ አባት ነዋ! ደግ። ባለቤቴ እንኳ አልሰማችም።»

ጥያቄውን ጻፈች።

«ምን አለ?»

«ኔትወርኩ ዘገየ።»

«ዓይንሽ ሲያነብ አየሁት እኮ።»

«ቶሎ ሐኪም ይየው ይላል።»

«ለምን ቶሎ?»

ስልኩን መነካካቷን ቀጠለች።

«እኛ እኮ አንዱን ቃል አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው ብለን ነው የምንፈታው። ይኸ አንድም የለውም?»

«በድሮው መፈለጊያ ደግሞ ልየው።»

«እሱስ ይሻላል። ሁለት መምህራን አንዱን ቃል እኩል ሲፈቱት አላየሁም።»

እንደገና ጻፈች።

«ተስማሙ?»

«የኔታ፣ ዛሬ ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«ጧፍ ልገዛ ነበር።»

«ጧፉ ይደርሳል። መጀመሪያ ሆስፒታል እንሂድ፣ እኔም አብሬዎት እገባለሁ።»

«ትምህርትሽስ?»

«ይቅር።»

«ይኸን ያህል ነው?»

መነኸሪያው እስክንደርስ ድረስ እጄን ከአንገቴ ላይ ማንሳት አልቻልኩም።