«ዛሬ» የሚለውን ይጫኑ

ጉድጓዴን የቆፈርኩት በገዛ ጣቴ ነው። ጎባ ያሉት አማቴ፣ አዴ ዘሃራ፣ ሮቤ ከተማ ኳስ የሚጫወት የወንድም ልጅ አላቸው። ጨዋታውን ስልካቸው ላይ ሲፈልጉ የአምናውና የካቻምናው ቪዲዮ እየመጣባቸው ለኔ ይደውላሉ። ሲሰለቸኝ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ፣ «ይኸው፣ ማጣሪያውን ይክፈቱ፤ ‹ዛሬ› የሚለውን ይጫኑ፤ የዛሬው ብቻ ይመጣልዎታል» ብዬ እንደ ሊቅ አስተማርኳቸው። መረቁኝም።

ቅዳሜ ድንች ማውጣት እንዳግዛቸው ጠሩኝ። «ትኩሳት ጥሎኛል» አልኩና ቀጥ ብዬ የልጁን ጨዋታ ላይ ሮቤ ኳስ ሜዳ ገባሁ። አመሻሽ ላይ ደወሉ።

«ትኩሳቱ እንዴት ነው?»

«ኧረ ከአልጋ አልተነሳሁም እማዬ» አልኩ፣ ድምፄን አድክሜ።

«አላህ ያሽርህ። የልጁን ጨዋታ ስፈልግ ግን፣ ሸሚዙን አውልቆ የሚጨፍር አንተን የመሰለ ሰው አየሁ።»

«እኔው ነኛ! የአምናው ጨዋታ ነው!» አልኩ፣ በፍጥነቴ እየኮራሁ።



«ልጄ፣ ‹ዛሬ› የሚለውን ተጭኜ እኮ ነው የመጣህልኝ። በል ነገ በጠዋት ና። ለትኩሳት ላብ ጥሩ ነው፤ ድንቹም ገና አልወጣም።»